ክሮቼራ ተቀይሮም መኪናው መንቀጥቀጡን ካልተወ፦ ከመፍታት እስከ ማእዘን ማስተካከል

መስከረም ላይ አንድ ሰው ከደላንታ እህል ጭኖ የወረደ ፒክአፕ ላንድክሩዘር ይዞ ደሴ መጣ። የኋላው ክሮቼራ፣ ማለትም ኃይል የሚያስተላልፈው ረጅም ዘንግ የሚታጠፍበት የመስቀል መገጣጠሚያ፣ ተበልቷል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስተኛው ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ የቀየሩለት ሰዎች «ዕቃው ጥራት የለውም» ብለው ስላሰናበቱት በየጊዜው ይበልጥ ውድ የሆነውን እየፈለገ ሲገዛ ከርሟል። ከስር ገብቼ ሳየው ዕቃው ምንም ጥፋት የለበትም። ጭነት እንዲችልለት ብሎ ባሌስትራው (አክሰሉን የሚሸከመው የተደራረበ የብረት ቅጠል) ላይ ቅጠል አስጨምሯል፣ የባሌስትራውን የኋላ ማንጠልጠያም አስረዝሟል። የዲፈረንሻሉ አፍንጫ፣ ዘንጉ የሚገናኘው ፊቱ፣ ቀና ብሏል፣ ዘንጉም ከቀድሞው ይልቅ ተዳፍቷል። ክሮቼራውን የሚበላው ይህ ነበር።

በወሎ መንገድ ይህን ነገር ደጋግሜ አይቻለሁ። ጠጠሩ ይመታል፣ ጭነቱ ይበዛል፣ ባለመኪናው ባሌስትራ ያስጨምራል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ መኪናው መንቀጥቀጥ ይጀምርና ክሮቼራው ይቀየራል። ማእዘኑን ግን የሚለካ የለም። ስለዚህ ይህ መመሪያ ሁለት ሥራ ይዟል፤ ክሮቼራውን ሳያበላሹ መቀየርና ዘንጉን በትክክለኛው ማእዘን ማስቀመጥ። ሁለተኛው ካልተሠራ የመጀመሪያው ድካም ዕድሜ አይኖረውም።

ዘንጉ የሚሠራው እንዴት ነው?

የምናወራው ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) ተነስቶ ኃይሉን ወደ ኋላ ዲፈረንሻል ስለሚወስደው ረጅም ዘንግ ነው። በጫፍና በጫፉ ክሮቼራ አለ። ቃሉ የጣሊያን ነው፣ ከመስቀል የወጣ፤ ቅርጹም እንደ ስሙ ባለ አራት ክንድ መስቀል ነው። እያንዳንዱ ክንድ ቆብ ይለብሳል፣ በቆቡ ውስጥ ቀጫጭን መርፌዎች ክንዱን ዙሪያውን ከበው ይሽከረከራሉ። ሁለቱ ቆቦች የዘንጉ ሹካ ላይ፣ ሁለቱ ደግሞ የካምቢዮው ወይም የዲፈረንሻሉ ሹካ ላይ ይቀመጣሉ። የኋላው አክሰል ከመንገዱ ጋር ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ዘንጉ ሳይሰበር የሚታጠፈው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያውቀው ነገር እንምጣ። ክሮቼራ ታጥፎ ሲዞር የሚያስተላልፈው ፍጥነት እኩል አይሆንም። የካምቢዮው ጫፍ በአንድ ዓይነት ፍጥነት እየዞረ ሳለ ዘንጉ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። እጥፋቱ 3 ዲግሪ ከሆነ ፍጥነቱ ከአማካዩ ከፍና ዝቅ የሚለው በ0.14 በመቶ ገደማ ነው፤ አይሰማም። 10 ዲግሪ ሲሆን 1.5 በመቶ ይደርሳል፣ 20 ዲግሪ ላይ 6 በመቶ ገደማ ነው። የኋላው ክሮቼራ የተቀመጠው አክሰሉን ተከትሎ ለመታጠፍ ብቻ አይደለም፤ የፊተኛው ያመጣውን መፍጠንና መዘግየት መልሶ እንዲያጠፋም ነው። ይህን የሚያደርገው ግን ሁለት ነገር ሲሟላ ነው፦ ሁለቱ ክሮቼራዎች የታጠፉበት ማእዘን እኩል ሲሆን፣ የዘንጉ ሁለት ሹካዎችም በአንድ መስመር ሲቆሙ። አንዱ ከጎደለ ዲፈረንሻሉ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይገፋል፣ ሁለት ጊዜ ይጎተታል።

ይህ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ለማየት ሒሳቡን እንሥራው። 7.50-16 ጎማ አንዴ ሲዞር 2.5 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በሰዓት 80 ኪሎሜትር ላይ ጎማው በሰከንድ 9 ጊዜ ያህል ይዞራል። የዲፈረንሻሉ ጥርስ 4.1 ለ1 ከሆነ ዘንጉ በሰከንድ 36 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። የማእዘኑ ንዝረት ደግሞ የዚያ እጥፍ ነው፣ በሰከንድ 72 ምት። ወንበር ስር እንደ ንብ የሚነዝረው ይህ ነው። የጎማ ሚዛን ችግር ግን ዝግ ብሎ የሚያወዛውዝ ነው፣ ብዙውን ጊዜም መሪው ላይ ይታወቃል።

በሽታውን ለይቶ ማወቅ

ድምፁን ስሙ። ከቆመበት ሲነሳ ወይም ከፊት ወደ ኋላ ማርሽ ሲቀየር «ጓ» ካለ ክሮቼራው ላልቷል፣ ወይም የዲፈረንሻሉ ጥርስ ክፍተቱ በዝቷል። ቀስ ብሎ ሲሄድ እንደ ወፍ ጫጩት «ጪው ጪው» ካለና ፍጥነት ሲጨምር ድምፁም ከተፋጠነ የአንዱ ቆብ መርፌዎች ግራሶ አልቆባቸው ደርቀዋል። ይህን ደረጃ ያለፈ ሰው ብዙ ጊዜ ድምፁ ስለጠፋ የዳነ ይመስለዋል። አልዳነም፤ መርፌዎቹ ዱቄት ሆነዋል።

ከዚያ ከስር ገብታችሁ እዩ። በቆቡ ማሸጊያ ጎማ ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ካለ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ከሌለ ግን በአንድ እጅ ዘንጉን፣ በሌላው የዲፈረንሻሉን ሹካ ይዛችሁ በተቃራኒ አቅጣጫ ጠምዝዙ። ሁለቱም አብረው ከተላወሱ የላላው ዲፈረንሻሉ ነው፤ አንዱ ቆሞ ሌላው ከተንቀሳቀሰ ክሮቼራው ነው። ቀጥሎ በብረት ዘንግ ወደ ላይና ወደ ታች አንሱት። በጤናማ ክሮቼራ ላይ በዓይን የሚታይ ምንም እንቅስቃሴ አይኖርም። «ትንሽ ነው፣ አብሽር፣ ያደርሳል» ማለት እዚህ ላይ አይሠራም። በሐረጎ ቁልቁለት ላይ የፊተኛው ጫፍ ተበጥሶ የወደቀ ዘንግ አስፋልቱን ሊወጋ፣ የፍሬን ቧንቧውንም ሊቆርጥ ይችላል።

የንዝረቱን ዓይነት ለመለየት ሜዳ መንገድ ያስፈልጋል። በቁልቁለት እንዳትሞክሩት። ንዝረቱ በሚመጣበት ፍጥነት ላይ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ሞተሩ ዝግ እንዲል አድርጉ። ንዝረቱ ከጠፋ ምንጩ ሞተሩ ወይም የሞተሩ መቀመጫ ጎማዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ጋዝ ስትረግጡና ስትለቁ እየተለዋወጠ ከመጣ ማእዘኑን ወይም ክሮቼራውን ጠርጥሩ። በዚያ ፍጥነት ላይ ምንም ብታደርጉ አንድ ዓይነት ከሆነ የዘንጉ ሚዛን ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዘንጉን እጠቡት። በክረምት ከጃማና ከወረኢሉ የሚመጡ መኪኖች ዋልካው ዘንጋቸው ላይ በአንድ ጎን ደርቆ ሲንቀጠቀጡ አይቻለሁ፤ በውሃ ታጥበው የዳኑ አሉ።

መኪናውን ማቆም

ይህን ክፍል ዘላችሁ እንዳታልፉት እለምናችኋለሁ። ማርሽ ውስጥ ገብቶ የቆመ መኪና የኋላ ጎማውን የያዘለት ዘንጉ ነው፤ ዘንጉ ሲወጣ መያዣው አብሮ ይወጣል። የእጅ ፍሬኑም ሁልጊዜ አያድንም። በብዙ አይሱዙ ኤንፒአርና በአሮጌ ላንድሮቨሮች ላይ የእጅ ፍሬኑ ጎማው ላይ ሳይሆን ካምቢዮው ጀርባ ላይ ነው ያለው፤ የሚያቆመው ዘንጉን ነው። የመጨረሻው ብሎን በወጣ ቅጽበት መኪናው ነፃ ይሆናል፣ እናንተ ደግሞ ከስሩ ተኝታችኋል። ደሴ የተቀመጠችው ጦሳ ግርጌ ነው፤ ሜዳ የመሰለን ግቢ ሁሉ ያዘነብላል።

ስለዚህ ሜዳ ቦታ ፈልጉ። አራቱንም ጎማ ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዙ፤ ታኮው ድንጋይ ሳይሆን ሽብልቅ ሆኖ የተጠረበ እንጨት ይሁን። ዘንጉን ለማዞር አንድ የኋላ ጎማ መነሳት ካለበት በክሪክ አንሡና ወዲያው በካባሌቶ (በቋሚ የብረት መደገፊያ) ደግፉ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ስር ማንም ሰው አይግባ፣ «ለአንድ ደቂቃ ነው» ብሎም ቢሆን።

ምልክት አድርጎ መፍታት

ዘንጉን ከመንካታችሁ በፊት በሽቦ ብሩሽ አጽዱና በቀለም ወይም በነጥብ መምቻ አራት ቦታ ምልክት አድርጉ፦ የፊት ሹካው ከካምቢዮው ፍላንጅ (በብሎን ከሚታሰርበት ፊት) ጋር የሚገናኝበት፣ የኋላው ከዲፈረንሻሉ ፍላንጅ ጋር የሚገናኝበት፣ በመሃል እየተሳበ የሚረዝም የሚያጥረው ጥርሳማ ክፍል ሁለቱ አካላት የተገናኙበት፣ እንዲሁም የግራሶ ማስገቢያው የዞረበት አቅጣጫ። ጥርሳማው ክፍል ላይ ያለው ምልክት ከሁሉም ይበልጣል። ተለያይቶ ሲመለስ በአንድ ጥርስ ከተዛነፈ ሹካዎቹ መስመራቸውን ይስታሉ፣ አዲስ ክሮቼራም አያድነውም። አንዳንድ የፊት ዘንጎች ደግሞ ከፋብሪካ ሹካቸው ሆን ተብሎ ተዛንፎ ነው የሚመጣው። እነሱን «ላስተካክላቸው» ያለ ሰው ያበላሻቸዋል። መኪናው ከመፈታቱ በፊት ጤናማ ከነበረ የሚታመነው ምልክቱ ነው።

ብሎኖቹ ላይ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት አድርጉና ቡና እስክትጠጡ ድረስ ተዉት። ሲፈቱ በትክክለኛ ቁጥር ቡሶላ (የብሎኑን ጭንቅላት ዙሪያውን በሚይዝ መፍቻ) ብቻ ፍቱ፤ የእነዚህ ብሎኖች ጭንቅላት አንዴ ከተላጠ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ያሰቃያል። የመጨረሻው ብሎን ከመውጣቱ በፊት ዘንጉን በገመድ አንጠልጥሉት፤ በአንድ ጫፉ እንዲወድቅ ከተተወ የሌላው ጫፍ ክሮቼራ ይጣመማል። ሚኒባሶችና ባለ ሁለት ጎማ ድራይቭ ፒክአፖች ላይ የዘንጉ የፊት ጫፍ በቀጥታ ካምቢዮው ውስጥ ስለሚገባ ሲወጣ ዘይት ይፈስሳል። ወፍራም ፌስታል አልብሱና በላስቲክ እሰሩት፤ ፓራኦሊዮውንም (ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገውን ጎማ) በዚያው እዩት።

የድሮውን ማውጣት

ዘንጉን ሞርሳ (ጠረጴዛ ላይ የተተከለ መጨመቂያ) ላይ ስታስሩ በሹካው በኩል እሰሩ። ቱቦው ውስጡ ባዶ ነው፣ ግድግዳው ስስ ነው፤ ሞርሳ ሲጨመቅበት ወይም መዶሻ ሲያርፍበት የሚጎደጉደው ጥቂት ቢመስልም ሚዛኑን ያዛባዋል።

ሴገር የምንለውን ማቆሚያ ቀለበት ዙሪያውን ያለውን ዝገት ጠርጉና በሴገር ፒንሳ አውጡ። ቀለበቱ ካልወጣ ቆቡን በመዶሻ ወደ ውስጥ ቀለል አድርጋችሁ ንኩት፤ ቀለበቱን የጫነው ኃይል ሲቀንስ ይላቀቃል። ከዚያ ሁለት ቡሶላ ፈልጉ። አንዱ ከቆቡ ያነሰ ይሁን፣ ሌላው ቆቡ ውስጡ ገብቶ የሚቀመጥበት ሰፊ ይሁን። ትንሹን በአንድ በኩል ቆቡ ላይ፣ ሰፊውን በተቃራኒው ሹካው ላይ አድርጋችሁ ሞርሳውን ጨምቁ። ትንሹ ሲገፋ ባሻገር ያለው ቆብ ሰፊው ቡሶላ ውስጥ ይወጣል። ጫፉን በፒንሳ ይዛችሁ አውጡት፣ ገልብጡና ሌላውንም እንዲሁ አድርጉ።

በየመንገዱ ዳር የሚታየው በመዶሻ ብቻ ማውጣት ይሠራል፣ ግን ሹካውን ይከፍተዋል። የሹካው ሁለት ጆሮዎች አንዴ ከተከፈቱ አዲሱ ቆብ በሁለቱ በኩል እኩል አይቀመጥም። በጋዝ ማጋልም እንዲሁ ነው፤ ብረቱ ጥንካሬውን ያጣል። ሞርሳ ከሌላችሁ ዘንጉን ተሸክማችሁ ሞርሳ ወዳለው ሂዱ። ዋጋው የአንድ ቀን ድካም ነው።

ቆቦቹ ከወጡ በኋላ የሹካውን ቀዳዳ በጨርቅ አጽዱና ጣታችሁን በውስጡ አዙሩ። ጠርዙ ላይ የተነሳ ብረት ካለ በቀጭን ሞረድ ጠርዙን ብቻ ንኩት፤ ቀዳዳውን እንዳታሰፉት። የሴገሩ መቀመጫ ቦይ ውስጥ አንዲት የዝገት ቅርፊት እንኳ አትቅር። አዲሱ ቆብ በእጅ ተገፍቶ እንደ ልቡ የሚገባ ከሆነ ሹካው አልቋል። ያኔ ቀዳዳውን ዙሪያውን በነጥብ መምቻ እየወጉ ማጥበብ የተለመደ ነው፤ አታድርጉት። ጥቂት ሳምንት ይይዝና ይለቃል። ሹካው ወይም ዘንጉ ነው መቀየር ያለበት።

አዲሱን መግዛት

የድሮውን መስቀል ከነቆቡ ይዛችሁ ሂዱ። «የላንድክሩዘር» ወይም «የአይሱዙ» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ በአንድ ስም ስር በዓመቱና በሞዴሉ የተለያየ መጠን አለ። ሁለት ነገር በካሊብሮ ለኩ፦ የቆቡን ወርድና ከአንዱ ቆብ ጀርባ እስከ ተቃራኒው ያለውን ርዝመት። ሴገሩ በውስጥ በኩል ነው ወይስ በውጭ፣ የግራሶ ማስገቢያው መስቀሉ መሃል ነው ወይስ ቆቡ ላይ፣ ይህንንም አስተያዩ። እዚያው ሱቁ ውስጥ ቆቦቹን አንድ በአንድ ከፍታችሁ መርፌዎቹ ሙሉ መሆናቸውን እዩ። ከቻላችሁ የፊትና የኋላውን አብራችሁ ቀይሩ፤ አንድ ላይ ነው ያረጁት።

መግጠም

ትዕግሥት የሚጠየቀው እዚህ ነው። አዲስ ክሮቼራ ውስጥ ያለው ግራሶ ብዙውን ጊዜ ማስቀመጫ ብቻ ነው። ቆቦቹን አውጡና በጥሩ የሊትየም ግራሶ፣ ቁጥር 2 ጥንካሬ ባለው፣ መርፌዎቹን ዙሪያውን ለጥፉ። ግራሶው ሁለት ጥቅም አለው፤ ያለሰልሳል፣ መርፌዎቹንም ቆመው እንዲቆዩ ያደርጋል። የቆቡን ግርጌም ትንሽ ቀቡት፤ ከልክ በላይ ሞልታችሁ ግን አትዝጉት፤ የታሰረው ግራሶ ቆቡ እንዳይገባ ይገፋል።

መስቀሉን ሹካው ውስጥ አስገቡ። የግራሶ ማስገቢያው ወደ ዘንጉ በኩል ይዙር፣ የፊትና የኋላውም በአንድ መስመር ይሁኑ፤ ወደ ፍላንጁ ከዞረ በኋላ የግራሶ ፖምፓው አይደርስለትም። አንዱን ቆብ በእጅ አስጀምሩ፣ መስቀሉን ወደ እሱ ገፋ አድርጋችሁ ክንዱ መርፌዎቹ መሃል እንዲገባ አድርጉ፣ ከዚያ በሞርሳ ቀስ ብላችሁ ጨምቁ። ሌላውን ቆብ በተቃራኒው ስታስገቡ መስቀሉን በሁለቱ ቆቦች መካከል እያንቀሳቀሳችሁ ይሁን። ክንዱ ከመርፌዎቹ ከወጣ አንዷ መርፌ ትወድቅና ቆቡ ግርጌ ላይ ትጋደማለች።

ይህ መከሰቱ የሚታወቀው በሴገሩ ነው። ቆቡ እስከ መጨረሻው አይገባም፣ የሴገሩ ቦይ አይታይም። ብዙ ወጣት መካኒክ እዚህ ጋ ሞርሳውን ይበልጥ ያጠብቃል ወይም መዶሻ ያነሳል። ቆቡ ይሰነጠቃል። መልሳችሁ አውጡት፣ መርፌዋን አንሱ፣ እንደገና ጀምሩ። እኔ ራሴ ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ ያስተማሩኝ ሽማግሌ አንድ ክሮቼራ አራት ጊዜ አስወጥተው አስገጥመውኛል፤ ያኔ ቢያናድደኝም ከዚያ ወዲህ አንድም ቆብ አልሰነጠቅሁም።

ሁለቱም ሴገሮች ቦያቸው ውስጥ ሲገቡ በካቻቢቴ ጫፍ እየገፋችሁ መዞራቸውን አረጋግጡ፤ የሚዞር ሴገር በትክክል ተቀምጧል። ተቃራኒ ለተቃራኒ ያሉት ሁለት ሴገሮች አንድ ዓይነት ውፍረት ይኑራቸው፣ አለዚያ ዘንጉ ከመሃሉ ይወጣል። ከዚያ መስቀሉን በእጅ አንቀሳቅሱ። ከጠነከረ የሹካውን ጆሮ ከውስጥ ወደ ውጭ በነሐስ መዶሻ አንድ ሁለት ጊዜ ንኩት፤ ቆቡ ወደ ሴገሩ ይጠጋና መስቀሉ ይለሰልሳል። ወደ ሁሉም አቅጣጫ በእኩል ለስላሳነት መታጠፍ አለበት።

በመጨረሻ ግራሶ በፖምፓ ስጡ፣ ከአራቱም ቆብ ጎማ አዲስ ግራሶ ብቅ እስኪል ድረስ። ከሦስቱ ወጥቶ ከአንዱ ካልወጣ ያ ቆብ ደርቆ ነው የሚሄደው። ዘንጉን እያጠፋችሁ ደግማችሁ ስጡ።

ዘንጉን መኪናው ላይ ስትመልሱ ምልክቶቹ ይግጠሙ። ፍላንጆቹ ፊታቸው ንጹሕ ይሁን፤ በመካከላቸው የቀረች የአሸዋ ቅንጣት ዘንጉን ታጣምማለች። ጥርሱ ያለቀ ብሎንና የላላ ዳዶ አትመልሱ፣ በጥንካሬ ቁጥሩ እኩል የሆነ አዲስ ግዙ። ብሎኖቹን ተሻጋሪ አድርጋችሁ በሁለት ዙር፣ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ በተጻፈው ልክ በጉልበት መለኪያ መፍቻ አጥብቁ።

ማእዘኑን መለካት

አሁን የደላንታውን ሰው መኪና ወዳዳነው ሥራ ደረስን። የሚያስፈልገው መሣሪያ ቀላል ነው። የስልካችሁ ውሃ ልክ ይበቃል፣ ጠርዙ ቀጥ ካለ ብረት ጋር ከታሰረ። ስልክ ከሌለ የግንበኛ ቱንቢና የተማሪ ፕሮትራክተር ይሠራሉ። ስልኩን ለመፈተን አንድ ቦታ ላይ ለኩ፣ አዙራችሁ ደግማችሁ ለኩ፤ ቁጥሩ አንድ ካልሆነ መሣሪያው ይዋሻል።

መኪናው በአራት ጎማው ይቁም። አክሰሉ ተንጠልጥሎ የተለካ ማእዘን ዋጋ የለውም፣ ምክንያቱም ባሌስትራው ተዘርግቷል። የምትለኩት ሦስት ነገር ነው፦ የካምቢዮው መውጫ፣ ዘንጉ ራሱና የዲፈረንሻሉ መግቢያ። ዘንጉን አዙራችሁ የፍላንጁ ሹካ ላይ ያለው አንዱ ቆብ ወደ መሬት ሲያይ ጠፍጣፋ ግርጌው ላይ መለኪያውን ከፊት ወደ ኋላ አስቀምጡ፤ ያ የካምቢዮው ማእዘን ነው። ሩብ ዙር ስታዞሩት የዘንጉ ሹካ ቆብ ወደ ታች ይመጣል፤ ያ የዘንጉ ማእዘን ነው። ከኋላም እንዲሁ። ሁልጊዜ ከመኪናው በአንድ ጎን ቆማችሁ አንብቡ፣ ወደ ኋላ መዳፋቱን ወይም መቅናቱንም ጻፉ።

ምሳሌ ልስጣችሁ። መኪናው እንደ ፋብሪካው ሳለ ካምቢዮው ወደ ኋላ 4 ዲግሪ ተዳፍቷል፣ ዘንጉ 6.5፣ ዲፈረንሻሉም 4 ነው እንበል። የፊተኛው ክሮቼራ እጥፋት 6.5 ሲቀነስ 4፣ 2.5 ዲግሪ ነው። የኋላውም 2.5። ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ትይዩ ስለሆኑ አንዱ ያመጣውን ሌላው ያጠፋዋል። አሁን ባሌስትራ ተጨመረ፣ ማንጠልጠያው ረዘመ። የመኪናው ጀርባ ተነሳ፣ ካምቢዮው ወደ 3 ዲግሪ መጣ፣ ዘንጉ 8 ሆነ፣ ዲፈረንሻሉ አፍንጫውን አንስቶ 6 ደረሰ። የፊቱ እጥፋት 5፣ የኋላው 2። ልዩነታቸው 3 ዲግሪ ነው፤ ይህ መኪና በእርግጥ ይንቀጠቀጣል።

ለፈጣን መንገድ እያንዳንዱ እጥፋት ከ3 ዲግሪ ባይበልጥ ይመረጣል፣ በፊትና በኋላ መካከል ያለው ልዩነትም ከ1 ዲግሪ በታች ይሁን። ዜሮም ጥሩ አይደለም። ክሮቼራው ጨርሶ ካልታጠፈ መርፌዎቹ አይንከባለሉም፣ በአንድ ቦታ ቆመው ክንዱን ይቦረቡሩታል። ቢያንስ ግማሽ ዲግሪ ይኑር።

ማስተካከል

የመጀመሪያው መድኃኒት የተጨመረውን መቀነስ ነው። የደላንታው ሰው ይህን መስማት አልፈለገም ነበር፤ ጭነቱ እንጀራው ነውና። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፌ በአንድ ዓመት ለክሮቼራ ካወጣው ጋር አብረን ስናየው ግን ማንጠልጠያውን ወደ መጀመሪያው መለሰ፣ ከተጨመሩት ሁለት ቅጠሎችም አንዱን አስወጣ።

ቀሪው ልዩነት በሽብልቅ ይስተካከላል። ባሌስትራው ከአክሰሉ በላይ ላለ መኪና ሽብልቁ በባሌስትራውና በአክሰሉ መቀመጫ መሃል ይገባል። ወፍራም ጎኑ ወደ ፊት ሲሆን የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ይወርዳል፣ ወደ ኋላ ሲሆን ይነሳል። በምሳሌው መኪና ላይ ዲፈረንሻሉን ከ6 ወደ 3 ለማውረድ የ3 ዲግሪ ሽብልቅ፣ ወፍራሙ ወደ ፊት፣ በግራም በቀኝም ያስፈልጋል። ያኔ ሁለቱም እጥፋት 5 ይሆናሉ። እኩል ስለሆኑ ንዝረቱ ይጠፋል፤ 5 ዲግሪ ግን አሁንም ብዙ ነው፣ መርፌዎቹ ቶሎ ያልቃሉ። ስለዚህ ሽብልቅ የቅጠል መቀነስን አይተካም። ሽብልቁ ብረት ይሁን፣ መሃሉ የባሌስትራው ማዕከላዊ ብሎን እንዲያልፍ የተበሳ። አሉሚኒየም ይደቅቃል፣ ቆርቆሮ መደራረብ ደግሞ ያንሸራትታል። ባሌስትራውን ከአክሰሉ ጋር የሚያስሩትን የዩ ብሎኖች እንደገና ስታስሩ መኪናው በጎማው ቆሞ አጥብቁ። ባሌስትራ በኃይል ሲጎተት አፍንጫውን ወደ ላይ ያነሳል፤ ስለዚህ ቆሞ ሲለካ ዲፈረንሻሉ ከካምቢዮው ትይዩ እስከ 1 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ቢገኝ አትጨነቁ።

አይሱዙና ቅጥቅጥ ላይ ዘንጉ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በመሃል በሱፖርቶ (ባለ ጎማ ድጋፍ) ይያዛል። እዚያ ላይ ሱፖርቶውን መጀመሪያ እዩ፤ ጎማው ከተቀደደ ማእዘን መለካት ከንቱ ነው። የፊተኛው ዘንግ ከካምቢዮው ጋር ቀጥ ሊል ትንሽ የቀረው ይሁን፣ 1 ዲግሪ ገደማ። ከፍታው በሱፖርቶው ስር በሚገባ ስፔሶር ይስተካከላል።

ሚዛንና ሙከራ

ማእዘኑ ተስተካክሎም ንዝረት ከቀረ ሚዛኑን እዩ። ቱቦው ላይ የተበየደች ትንሽ ብረት ነበረች? ተነቅላ የቀረ የብየዳ ጠባሳ ካገኛችሁ ምክንያቱ እሱ ነው። የኋላ ጎማዎቹን በካባሌቶ አንስታችሁ ዘንጉን በእጅ እያዞራችሁ ጠመኔ ጠጋ አድርጉ፤ በአንድ ጎን ብቻ ከነካ ዘንጉ ተጣሟል። ለጊዜው ቱቦው ላይ በዲፈረንሻሉ በኩል የቱቦ ማጥበቂያ ፋሼታ አስራችሁ፣ ብሎኗን ሩብ ሩብ ዙር እያዛወራችሁ እየነዳችሁ መሞከር ይቻላል። የተጣመመውን ግን ዘንግ የሚያቃና ቶርኖ ቤት ውሰዱት።

ሙከራው ሜዳ ላይ ይሁን። ደሴ ላሉ ከኮምቦልቻ በታች ወደ ሐርቡ የሚወስደው፣ ወልዲያ ላሉ የቆቦ ሜዳ ይመቻል። ባዶ ሞክሩ፣ ከዚያ የተለመደውን ጭነት ጭናችሁ ሞክሩ፤ ባሌስትራው ሲወርድ ማእዘኑ ይቀየራልና። ከ10 ኪሎሜትር በኋላ ቁሙ፣ ታኮ አድርጉ፣ ቆቦቹን በእጅ ጀርባ ጠጋ ብላችሁ አስተያዩ። ሁሉም ለብ ብለው አንዱ የሚያቃጥል ከሆነ እሱ ጠብቆ ገብቷል፣ መፈታት አለበት።

ከ100 ኪሎሜትር በኋላ የፍላንጁን ብሎኖችና የዩ ብሎኖቹን ዳግመኛ አጥብቁ፤ አዲስ የተገጠመ ነገር ይቀመጣል። ግራሶው በየ5,000 ኪሎሜትሩ ይሰጥ። የቆቦን ወይም የመርሳን ወንዝ በክረምት የተሻገረ መኪና ግን ኪሎሜትሩን አይጠብቅ፤ ውሃው ከቆቡ ገብቶ ካደረ በማግሥቱ ዝገት ይጀምራል፣ ስለዚህ በዚያው ምሽት ግራሶ ስጡት፣ የቆሸሸው ወጥቶ ንጹሑ እስኪታይ ድረስ።